«አባትህ በስንት ዓመታቸው ነው ያረፉት?» በ36 ዓመቱ ሃርት አታክ የያዘው ሰው ጉዳይ

ለምን ጻፍኩት

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነርስ ሆኜ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ብዙ ሰው አይቻለሁ፣ ብዙውንም ረስቻለሁ። ይሄን ሰው ግን አልረሳሁትም። አንዱ ምክንያት ዕድሜው ነው። ሌላው ደግሞ ያን ቀን ጠዋት «ወንበር ላይ ቁጭ በልና ጠብቅ» ያልኩት እኔ መሆኔ ነው።

ታሪኩን የምጽፈው በእሱና በባለቤቱ ፈቃድ ነው። ስም የለም። ማንነቱን የሚያሳብቅ ዝርዝርም ትቻለሁ።

ከመጀመሬ በፊት ስለ ቃሉ ትንሽ ልበል። ብዙ ሰው ሃርት አታክን «የልብ ድካም» ይለዋል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የልብ ድካም የሚባለው ልብ ደም የመርጨት አቅሙ ሲቀንስ ነው፣ ብዙ ጊዜም ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። ሃርት አታክ ግን የልብን ጡንቻ ከሚመግቡት ደም ሥሮች አንዱ ድንገት ሲዘጋና ደም ያልደረሰው ጡንቻ መሞት ሲጀምር ነው። አንዱ ሌላውን ሊያስከትል ይችላል። እዚህ የማወራው ስለ ሃርት አታክ ነው።

ሰውየው

ቀጭን ነው። ቦርጭ የሚባል ነገር የለውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ይጫወታል። የደም ግፊት የለበትም፣ ስኳርም የለበትም። ሥራው ኮምፒውተር ላይ ነው፣ በፈረቃ፣ ከወሩ ግማሹን ያህል ሌሊት ይሠራል። እንቅልፉ አምስት ሰዓት ከሞላ ትልቅ ነገር ነው። ሲጋራ የጀመረው በ21 ዓመቱ ሲሆን በቀን ወደ 10 ያጨሳል። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው።

ይህን ዝርዝር ለባለሙያ ብትነግሩት «ሲጋራውን ተው፣ ሌላው ጥሩ ነው» ይላችኋል። እኛም ያልነው ይሄንኑ ነበር።

ግን አንድ ወረቀት ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ለሥራ ቅጥር የጤና ምርመራ አድርጎ ነበር፣ ውጤቱን በኋላ ባለቤቱ ከመሳቢያ ፈልጋ አመጣችልን። ጠቅላላ ኮሌስትሮል 312። መጥፎው ኮሌስትሮል የሚባለው ኤልዲኤል ደግሞ 228 ሚሊግራም በዴሲሊትር። ከጎኑ በእስክሪብቶ «ቅባት ይቀንሱ» የሚል ተጽፏል። በቃ። ቀጠሮ የለም፣ ድጋሚ ምርመራ የለም፣ አንድ ጥያቄ እንኳ የለም። እሱም ሁለት ወር ያህል ቅባት ቀንሶ ረሳው። ኮሌስትሮል የወፍራም ሰው ችግር ይመስለው ነበር።

ኤልዲኤል ከ190 ሲያልፍ «ምግብ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ያ ቁጥር ብቻውን «ይሄ ነገር በዘር የመጣ ይሆን?» የሚል ጥያቄ ማስነሣት ነበረበት። አላስነሣም።

ሦስት ሳምንት «ጨጓራ»

ከሕመሙ ሦስት ሳምንት በፊት ደረቱ መሀል ላይ ማቃጠል ጀመረው። ቢሮው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ይጨንቀዋል፣ ቆም ይላል፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲያርፍ ይለቀዋል። የሥራ ባልደረቦቹ «ጨጓራህ ነው» አሉት። እሱም አመነ። ከመድኃኒት ቤት የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ ክኒን ገዝቶ ጀመረ።

ሳምንት ቆይቶ አንድ ክሊኒክ ሄደ። «ደረቴን ያቃጥለኛል» አለ። ሆዱን ተጫን ተጫን አድርገው አዩት፣ የጨጓራ መድኃኒቱን በጠንካራ ቀየሩለትና ሸኙት። መቼ እንደሚያቃጥለው አልተጠየቀም። የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ የሚያሳየው ኢሲጂም አልተነሣም። ወጣት ነው፣ ቀጭን ነው፣ ማን ልቡን ይጠረጥራል?

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከጉዳዩ ሁሉ በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የጨጓራ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከምግብ ጋር ይያያዛል፣ ስንራብ ወይ በልተን ጋደም ስንል ይብሳል። የልብ ደም ሥር ሲጠብ የሚመጣው ሕመም ግን ከሥራ ጋር ይያያዛል። ደረጃ ስትወጣ ይመጣል፣ ስትቆም ይሄዳል። የእሱ ማቃጠል ከምግብ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። በባዶ ሆዱም ጠግቦም ደረጃው ላይ ያው ነበር። ልቡ ሦስት ሳምንት ሙሉ ነገረው። የሰማው ግን አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምር። «የጨጓራ መድኃኒት ስወስድ ቀለል አለኝ» ማለት ልብ አይደለም ማለት አይደለም። ሕመሙ በራሱ የሚመጣና የሚሄድ ስለሆነ ክኒኑ የሠራ ይመስላል።

ያ ሌሊት

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሕመሙ ከእንቅልፉ ቀሰቀሰው። በዚህ ጊዜ ማቃጠል ብቻ አልነበረም። «ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ያህል ነበር» ነው ያለው። መንጋጋውና የግራ ክንዱ ከበዱት። ላብ በላብ ሆነ። አቅለሸለሸው።

ተነሥቶ የጨጓራ ክኒኑን ዋጠና ሳሎን ሄዶ ተኛ። ባለቤቱን ላለመቀስቀስ ብሎ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል እንደዚያ ቆየ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሲያቅተው ቀሰቀሳት።

«መኪናውን ልንዳና ሄጄ ልታይ» አላት። እሷም «አንተ አትነዳም» አለችና ቁልፉን ነጠቀችው። ይህች ሴት የሕክምና ትምህርት የላትም፣ ግን በዚያ ሌሊት ከተወሰኑት ውሳኔዎች ሁሉ ትክክለኛው የእሷ ነበር። በሃርት አታክ ጊዜ የልብ ምት በማንኛውም ደቂቃ ሊዛባ ይችላል፣ ሰውየው መሪ እንደጨበጠ ራሱን ሊስት ይችላል። ከሁሉ የሚሻለው፣ ምቱ መንገድ ላይ ቢዛባ በኤሌክትሪክ የሚመልስ መሣሪያ ያለው አምቡላንስ ነው። እነሱ የመጡት በጎረቤት መኪና ነው። 12 ሰዓት ከ20 ሲሆን እኛ ጋ ደረሱ።

የእኔ ስህተት

በእግሩ እየተራመደ ገባ። «ጨጓራዬ ተነሥቶብኝ ነው» አለኝ። ምን እንደሚሰማው ስጠይቀው ደረቱን አሳየኝ፣ ግን አከታትሎ «ጨጓራ ነው፣ ቆይቶብኛል» አለ። የደም ግፊቱን ለካሁ፣ ደህና ነው። «በቤተሰብ የልብ ሕመም ያለበት ሰው አለ?» አልኩት። «የለም» አለ። ዕድሜውን አየሁ፣ ሰውነቱን አየሁ። የዚያን ጠዋት ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

መመሪያው ግልጽ ነው። ደረቴን ብሎ የመጣ አዋቂ ሰው ከደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ ተነሥቶ ሐኪም ሊያየው ይገባል። መመሪያው «ወጣት ካልሆነ» አይልም። «ቀጭን ካልሆነ» አይልም። እኔ ግን በዓይኔ ለክቼ አለፍኩ። በሽተኛው ራሱ የነገረኝን የበሽታ ስም ተቀበልኩ፣ ምልክቱን ግን አላዳመጥኩም።

ባለቤቱ ሁለት ጊዜ መጥታ «እኅቴ፣ ላቡ አልቆመም እኮ» አለችኝ። በሁለተኛው ጊዜ ሄጄ ግንባሩን ስነካው በረዶ ነው። ያኔ ነው የነቃሁት። ኢሲጂው የተነሣው 12 ሰዓት ከ55 ላይ ነው። ከደረሰ ከ35 ደቂቃ በኋላ ማለት ነው። ወረቀቱ ገና እየወጣ ሳለ መስመሩ ሁሉንም ተናገረ፦ የፊተኛው የልብ ግድግዳ ደም አጥቷል።

ደም ሥሩን መክፈት

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። 300 ሚሊግራም አስፕሪን አኝኮ እንዲውጥ ተደረገ። ማኘኩ ቶሎ ወደ ደም እንዲገባ ነው። የልብ ሐኪሙ ተጠራ። የልብ ጡንቻ መጎዳቱን የሚያሳየው ትሮፖኒን የተባለው የደም ምርመራ ተልኮ ነበር፣ ግን አልጠበቅነውም። ኢሲጂው እንዲህ ግልጽ ሲሆን አይጠበቅም።

በእጁ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ ገብቶ የልቡ ደም ሥሮች ታዩ። የልብን የፊት ክፍል የሚመግበው ትልቁ ደም ሥር ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ነበር። ሁለተኛውም በከፊል ጠቧል። በቱቦው ጫፍ ባለ ትንሽ ፊኛ (ባሉን) ተከፈተ፣ ደም ሥሩን ክፍት አድርጎ የሚይዝ ስቴንት የተባለ የሽቦ ቱቦም ተተከለ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ10 ላይ ደም እንደገና ፈሰሰ።

እኛ ጋ ከደረሰ 110 ደቂቃ፣ ሕመሙ ከጀመረው ደግሞ 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ። እንደኛ ደም ሥር መክፈቻ ክፍል ያለው ተቋም በ90 ደቂቃ ውስጥ እንዲጨርስ ይጠበቃል። የእኔ 35 ደቂቃ ወደ 10 ብትወርድ ኖሮ እንደርስ ነበር።

የልቡ የመርጨት አቅም በማግሥቱ 40 በመቶ ነበር። የጤናማ ልብ አብዛኛውን ጊዜ 55ና ከዚያ በላይ ነው።

ጥያቄው

በሦስተኛው ቀን እናቱ ሊጠይቁት መጡ። የልብ ሐኪሙ ዙር ላይ ነበር። ወረቀቱን ያዘና እንዲህ ጠየቃቸው።

«እማማ፣ ባለቤትዎ በስንት ዓመታቸው ነው ያረፉት?»

«በ44ቱ።»

«ምን ሆነው ነበር?»

«ምንም። ማታ ደህና ገብቶ ራቱን በልቶ ተኛ። ጠዋት አልነቃም።»

«ወንድም ወይ እኅት ነበራቸው?»

«ታላቅ ወንድሙም እንደዚሁ ነው። 50 ሳይሞላው፣ መንገድ ላይ ወድቆ ቀረ።»

«ምን ነው አሏችሁ?»

«ቀኑ ደርሶ ነዋ ልጄ።»

እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። «በቤተሰብ የልብ ሕመም አለ?» ብዬ «የለም» የተባልኩት እኔ ነኝ። አልዋሸኝም። በቤታቸው የልብ ሕመም የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም። ቀኑ የደረሰ ሰው ነው ያለው።

ሐኪሙ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ የሰውየውን ተረከዝ ጅማት በሁለት ጣቱ ያዘው። ወፍሯል፣ ጎርበጥበጥ ይላል። «ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለው። «ዱሮም አለ፣ ጫማ ነው የሚልጠኝ» አለ። ጫማ አልነበረም። በጅማቱ ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀመ ኮሌስትሮል ነው።

ለምን በዚህ ዕድሜ?

የበሽታው ስም በዘር የሚተላለፍ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ነው። ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የሚያጠራበት መያዣ አለው። ከእናት ወይ ከአባት የተወረሰ ጉድለት ካለ ይህ መያዣ በበቂ አይሠራም፣ ኮሌስትሮሉም ከልደት ቀን ጀምሮ በደም ውስጥ ከፍ ብሎ ይኖራል። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ይህን መያዣ አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ስለዚህ አዲስ ዕውቀት አይደለም። ብርቅ በሽታም አይደለም፤ ከ250 ሰው አንዱ ገደማ አለበት። ካልታከመ ከወንዶቹ ግማሽ ያህሉ 50 ዓመት ሳይሞላቸው የልብ ደም ሥር ሕመም ያገኛቸዋል። ከሴቶቹ ደግሞ 30 በመቶ ያህሉን 60 ዓመት ሳይሞላቸው።

ብዙ ሰው የልብ ደም ሥር መጥበብ በስተርጅና የሚጀምር ይመስለዋል። ጅማሬው በወጣትነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በታተመ ጥናት በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 አሜሪካውያን ወታደሮች ልብ ተመርምሮ ነበር። አማካይ ዕድሜያቸው 22 ነው። ከ100ው 77ቱ በልባቸው ደም ሥር ላይ በዓይን የሚታይ ለውጥ ተገኘባቸው። በባሉን የልብ ደም ሥሩ የተከፈተለት የመጀመሪያው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ዙሪክ ውስጥ በዶክተር አንድሬያስ ግሩንትዚግ እጅ የታከመው፣ እሱም 38 ዓመቱ ነበር።

በዚህ ሰው ላይ ዘሩ ብቻውን አልሠራም። ሲጋራው አለ። ሲጋራ የደም ሥርን ውስጠኛ ሽፋን ይጎዳል፣ ደሙን ለመርጋት ያዘጋጀዋል፣ ደም ሥሩንም ያኮማትረዋል። ደም ሥር ላይ የተከማቸው ስብ ሽፋኑ ሲቀደድ ደም እላዩ ላይ ይረጋል፣ መንገዱም ይዘጋል። ኮሌስትሮሉ ክምሩን ሠራ፣ ሲጋራው ክብሪቱን ጫረ ብል ማጋነን አይመስለኝም። በ52 አገሮች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ኢንተርሃርት የተባለው ጥናት ሲጋራንና የደም ቅባትን ከሁሉ የበለጠ ክብደት ያላቸው ሁለቱ ምክንያቶች ብሎ ነው ያስቀመጣቸው። ግፊት፣ ስኳር፣ ቦርጭ፣ ጭንቀት፣ ያለ እንቅስቃሴ መዋልና የመሳሰሉት ተጨምረው ዘጠኙ የሚቀየሩ ምክንያቶች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሃርት አታክ አደጋ ይሸፍናሉ።

ሌሎች ወጣቶች ላይ ሌላ ምክንያት ይኖራል። ኮኬይንና አምፌታሚን ጤነኛ ደም ሥርን ሳይቀር ጨምድደው ይይዛሉ። ደም ቶሎ የሚረጋባቸው ሰዎች አሉ። በተለይ ሴቶች ላይ፣ አንዳንዴም በወለዱ በሳምንታት ውስጥ፣ ምንም ስብ ሳይኖር የደም ሥሩ ግድግዳ ራሱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አራስ ሴት «ደረቴን» ስትል «ድካም ነው» ማለት አይገባም። ሴቶች ከደረት ሕመሙ ጋር ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽና ያልተለመደ ድካም ይበዛባቸዋል፣ በዚህም የተነሣ ከወንዶች ይበልጥ ይዘነጋሉ።

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ፦ የሠራውና ያልሠራው

ደምን የሚያሳሱ ሁለት መድኃኒቶች ለአንድ ዓመት ተሰጡት። እነዚህን በደንብ ወሰደ፣ ምክንያቱም «በመሀል ብታቆም ስቴንቱ ሊዘጋ ይችላል» የሚለው ነገር ፍርሃት ለቆበታል። ኮሌስትሮሉን የሚቀንሰው አቶርቫስታቲን ግን ሌላ ታሪክ ነው። በስድስት ሳምንት ኤልዲኤሉ ከ228 ወደ 104 ወረደ። በአራተኛው ወር ጭኑን አመመው፣ ስለ መድኃኒቱም አስፈሪ ነገር አነበበ፣ ለማንም ሳይናገር አቆመ። በቀጣዩ ምርመራ 219 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ አልተቆጣም። «አመመህ፣ ገባኝ። ግን ሌላ ዓይነት አለ» አለውና ስታቲን ከሚባለው ከዚያው የመድኃኒት ቤተሰብ ሌላውን፣ ኢዜቲማይብ ከተባለ ሌላ የኮሌስትሮል መድኃኒት ጋር አደረገለት። አሁን 79 ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ግቡ ላይ አልደረሰም፤ ሃርት አታክ ላለፈበት ሰው ቢያንስ ከ70 በታች፣ የአውሮፓው መመሪያ ደግሞ ከ55 በታች ይላል። በመርፌ የሚሰጠው መድኃኒት እየታሰበለት ነው።

እዚህ ጋ የእኛ ጥፋት አለ። ስንሸኘው «ጡንቻ ሊያምህ ይችላል፣ ካመመህ ደውልልን እንጂ አታቁም» ብንለው ኖሮ አያቆምም ነበር። መድኃኒቱን ሰጠነው፣ መድኃኒቱ ሲያስቸግር ምን እንደሚያደርግ ግን አልነገርነውም።

ሲጋራውን ማቆም ሁለት ሙከራ ፈጀ። ሆስፒታል ውስጥ አቆመ፣ በስድስተኛው ሳምንት የሌሊት ፈረቃ ሲመለስ እንደገና ጀመረ። ለካ በዚያ ሥራ ውስጥ ወጥቶ አየር የሚያገኝበት ብቸኛ ሰበብ ሲጋራ ነበር። ከባለቤቱ ደብቆ «አንድ ሁለት ብቻ» ያጨስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የብዙ ጥናቶች ውጤት ተሰብስቦ ሲታይ፣ በቀን አንድ ብቻ የሚያጨስ ሰው 20 የሚያጨሰው ከሚሸከመው ተጨማሪ የልብ አደጋ ከ40 እስከ 50 በመቶውን ይሸከማል። ይህን ስነግረው ዝም አለ። ቀነስኩ ብሎ ራሱን ሲያጽናና ከርሟል። ሁለተኛው ሙከራ የተሳካው ሁለት ነገር ስለተቀየረ ነው። አለቃውን ለምኖ ወደ ቀን ፈረቃ ተዛወረ፣ ኒኮቲን ያለው ፕላስተርና ማስቲካም ተጠቀመ። ምክር ብቻውን ምንም አላመጣም ነበር። ካቆመ አሁን ዘጠኝ ወር ሆኖታል።

ማንም ያልጠየቀው ነገር ደግሞ ፍርሃቱ ነው። ለወራት በደንብ አልተኛም። «እንደ አባቴ ተኝቼ ብቀርስ?» ይል ነበር። ከሃርት አታክ በኋላ ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ከባድ ድብርት ይይዘዋል፣ ድብርት የያዘው ሰው ደግሞ መድኃኒቱንም እንቅስቃሴውንም ይተዋል። ይህን ያወቅነው ባለቤቱ ስለነገረችን ነው። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር ከሄደ በኋላ ተሻለው። በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ በእግሩ ይሄዳል። ኳሱን ግን ሐኪሙ በእንቅስቃሴ ፈተና ካየው በኋላ ነው የፈቀደለት። የልቡ አቅም በሦስተኛው ወር 48 በመቶ ደርሷል።

ለሌላ ሰው የሚጠቅመው

አንደኛ፣ ጥያቄውን ቀይሩት። «የልብ ሕመም በቤተሰብ አለ?» አትበሉ። «አባትህ አሉ? በስንት ዓመታቸው አረፉ? እንዴት?» በሉ። አጎቶችንና አክስቶችንም ጨምሩ። ወንድ ዘመድ ከ55 በፊት፣ ሴት ዘመድ ከ65 በፊት በልብ ታሞ ወይም በድንገት ሞቶ ከሆነ፣ በተለይ አባት፣ እናት፣ ወንድም ወይ እኅት ከሆነ፣ ያ ሊመረመር የሚገባ ነገር ነው። ባለሙያ ባትሆኑም ይህን ጥያቄ ለእናታችሁ ዛሬ ማታ ማቅረብ ትችላላችሁ።

ሁለተኛ፣ ኮሌስትሮላችሁን አንድ ጊዜ እወቁት። ቀጭን መሆን ምርመራ አይተካም። አደጋን በቀመር የሚያሰሉ መሣሪያዎች አሉ፣ ግን ዕድሜ ብዙ ክብደት ስለሚይዝባቸው ወጣትን ብዙ ጊዜ «ዝቅተኛ» ይሉታል። አንዳንዶቹማ የተሠሩት 40 ዓመት ለሞላው ሰው ነው። ኤልዲኤል ከ190 በላይ ከሆነ ቀመሩ አያስፈልግም፣ ሕክምና ነው የሚያስፈልገው። ሊፖፕሮቲን ኤ የሚባል ኤልዲኤልን የሚመስል የደም ቅባትም አለ፣ ከአምስት ሰው በአንዱ ገደማ ከፍ ይላል፣ ከዘር ስለሆነ በሕይወት አንድ ጊዜ መለካቱ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ደረት ላይ የሚመጣ ማንኛውም ጭንቀት ከእንቅስቃሴ ጋር የሚመጣና ሲያርፉ የሚሄድ ከሆነ ጨጓራ አትበሉት። ዕረፍት ላይ መጥቶ ከላብ፣ ከማቅለሽለሽ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከሆነ ደግሞ አትጠብቁ፣ አትንዱ፣ የሰው እንቅልፍ እንዳይረበሽ ብላችሁ ሳሎን አትተኙ። ለአምቡላንስ ደውሉ። አስፕሪን የማይስማማችሁ ወይም የደም መፍሰስ ችግር ያለባችሁ ካልሆነ ስልኩን ያነሣው ባለሙያ አኝካችሁ እንድትውጡ ሊነግራችሁ ይችላል።

ለእኔ ቢጤ ባለሙያ ደግሞ፦ በሽተኛው የበሽታውን ስም ይዞ ሲመጣ ስሙን አስቀምጡና ምልክቱን ጠይቁ። እኛ ጋ አሁን ደረቱን የሚል ሰው ዕድሜው ምንም ይሁን ኢሲጂው ከመዝገቡ በፊት ይነሣል። ይህን ለውጥ የጠየቅሁት ስህተቴን በጽሑፍ ካመለከትኩ በኋላ ነው። ማመልከቱ ከብዶኝ ነበር። በውይይቱ ላይ ግን የማንም ስም አልተነሣም፤ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ወደ እኔ ይዞር ነበር እንጂ ወደ አሠራሩ አይሄድም ነበር።

ቤተሰቡ አሁን

ይህ ጉድለት ካለበት ወላጅ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ቤተሰቡ በሙሉ እንዲመረመር ጠየቀ። መጀመሪያ እሱ ራሱ ደወለላቸው። አልሠራም። እኅቱ «እሺ» ብላ ቆየች፣ ታናሽ ወንድሙ «እኔ ምንም አያመኝም» አለ። ከዚያ ሐኪሙ አጭር ደብዳቤ ጻፈ፣ የአባትየውን ዕድሜና የአጎትየውን ዕድሜ፣ የልጁንም ኤልዲኤል በአንድ ገጽ። ደብዳቤውን ይዘው የዞሩት እናትየው ናቸው። «ቀኑ ደርሶ አይደለም አሉኝ» እያሉ በየቤቱ ሄዱ።

እኅቱ ነፃ ናት። ታናሽ ወንድሙ፣ 31 ዓመቱ፣ ኤልዲኤሉ 241 ወጣ፣ ያጨሳልም። መድኃኒት ጀምሯል። ከበሽተኛው ሁለት ልጆች ትንሹ ነፃ ነው። የዘጠኝ ዓመቷ ሴት ልጅ 196 ናት። እሷን የሚያያት የሕፃናት ሐኪም አለ፣ እንደዚህ ዓይነት ልጆች ከ8 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ስታቲን መጀመር ስለሚችሉ ወላጆቿ እየተወያዩበት ነው። የአጎትየው ልጆች ሦስት ናቸው። አንደኛው ተመርምሮ ተገኝቶበታል። ለቀሩት ሁለቱ ደብዳቤው ደርሷቸዋል። አንዷ ባለፈው ሳምንት ደውላ፣ ሳይበሉ መምጣት ያስፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለመጀመሪያው ምርመራ በልታም መምጣት እንደምትችል ነገርኳትና ሐሙስ ጠዋት ቀጠርኳት።